ሰባት ቁጥር ካንዴላ

ለመኪናው ካንዴላ ሊገዛ መጥቶ አሮጌውን ያልያዘ ሰው ከእኔ ሱቅ ባዶ እጁን ይመለሳል። «ካንዴላ ያው ካንዴላ ነው፤ አራት ስጪኝና ልሂድ» የሚለኝ ሾፌር በሳምንት አንድ አይጠፋም። «ጫማም ያው ጫማ ነው፤ እስቲ የልጅህን አድርገህ ና» እለዋለሁ። ተቆጥቶ ይወጣል፤ ይውጣ። ሐይቅ ከተማ አስፋልቱ ዳር ይህን የመለዋወጫ ሱቅ ከያዝኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ክፉ አመል አላት ይሉኛል፤ አልዋሹም። ነገር ግን እኔ ከያዝኩት ወዲህ የማይሆነውን ካንዴላ ታጥቆ ከዚህ በር የወጣ መኪና የለም።

ከእኔ በፊት ግን አንድ ነበር።

ያን ጊዜ ሱቁ የአክስቴ የዘሀራ ነበር፤ እኔም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ባሏ ይማም ከሞተ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ልጅ አልነበራቸውም። አባቴ እንድሪስ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ «ኢንሳፍ፣ ከትምህርት ቤት ስትወጪ አክስትሽ ዘንድ ዋይ፤ ብቻዋን አትሁን» አለኝ። አክስቴ ብቻዋን ስትሆን የምትፈራ መስሎኝ «አለሁልሽ» እያልኩ በየደቂቃው አስታውሳት ነበር። ባሏ የሞተባት ቆንጆ ሴት ሱቅ ውስጥ ወንድ ሲገባና ሲወጣ ዓይን ሆኜ እንድቀመጥ የተላክሁ ዘብ መሆኔ የገባኝ ራሴ ካገባሁ በኋላ ነው። ዘብነቱንም አልተወጣሁትም፤ ፊት ለፊቴ የሆነውን ሁሉ ገልብጬ ነው ያየሁት።

ሱቁ የአዲስ ጎማና የግሪስ ሽታ ነበረው። አክስቴ ንጹሕ ሻሽ ነው የምታስረው፣ ጥፍሯ ግን እንደ መካኒክ ጥፍር ጥቁር ነበር። ሰው አሮጌ ካንዴላ ሲያመጣላት ወደ በሩ ብርሃን አውጥታ ጫፉን ታያለች። «ይሄ ነጥቷል፤ ሞተርህ ይግላል። ውሃውን አየኸው?» ትላለች። «ይሄ ደግሞ ዘይት ጠጥቷል፤ ካንዴላ መቀየር ትርፉ ድካም ነው፣ መጀመሪያ መካኒኩ ፈንታሁን ዘንድ ሂድ።» የደህና ሞተር ካንዴላ ጫፉ የተቆላ ገብስ ይመስላል። እሱን ስታይ ፊቷ ይበራል፤ «ማሻአላህ፣ ያንኑ ዓይነት ድገም» ትላለች። ከዚያ የአሮጌውንና የአዲሱን እግር አጠጋግታ ትለካለች፤ የብረት እግሩ ከሚገባው በላይ ከረዘመ ውስጥ ገብቶ ፒስተኑን ይመታዋል። በመጨረሻ ቁጥሩን ታያለች። «አምስት ቁጥር ሙቅ ነው፣ ጥላሸቱን ራሱ ያቃጥለዋል። ሰባት ቁጥር ቀዝቃዛ ነው፣ ሩጫ ለበዛበት ሞተር እንጂ ለሌላው አይሆንም፣ ቶሎ ይጠቁራል» ብላ ያስተማረችኝን እስከ ዛሬ እሠራበታለሁ። ሳትጠይቅና ሳትለካ ለማንም ሸጣ አታውቅም፤ ለሙነወር ካልሆነ በቀር።

ሙነወር ከሐይቁ ቆሮሶ ዓሳ እየጫነ ደሴ የሚያደርስ ሾፌር ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው። ሰማያዊዋ አሮጌ ፒካፑ ከመታየቷ በፊት ሳሏ ይሰማል፤ እየሳለች፣ እያስነጠሰች፣ አንዳንዴም ጥይት እንደተተኮሰ እየጮኸች መጥታ በራችን ላይ ትቆማለች። አክስቴ ሳሉን ስትሰማ ሻሿን ፈትታ እንደገና ታስራለች። እኔ የዓሳው ሽታ ፀጉሯን እንዳይነካው የምትሸፍን መስሎኝ በበኩሌ አፍንጫዬን እይዝ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እታለም።»

«ወአለይኩም ሰላም። ዛሬም?»

«ዛሬም።» አራቱን ካንዴላ ከጨርቅ ፈትቶ ባንኮኒው ላይ ይዘረግፋቸዋል። እንደ ድስት ቂጥ የጠቆሩ ናቸው።

«ኧረ በአላህ! ሁለት ሳምንት አልሞላቸውም እኮ።»

«ዳገቱ ነው መሰለኝ።»

«ዳገቱ ይሆናል። ቤንዚኑም ይሆናል።»

«ቤንዚኑም አይታመንም።»

ከዚያ ዝም ይባባላሉ። «ሐይቁ ሞላ?» ትለዋለች ቆይታ። «አልሀምዱሊላህ፣ ሞላ» ይላል። እንደገና ዝም። ዝምታው ሲረዝም የምጨነቀው እኔ ነበርኩ፤ የሚያወሩት የጠፋቸው ስለመሰለኝ ስለ ትምህርት ቤታችን አንዳንድ ነገር አጫውታቸው ነበር። በመጨረሻ አክስቴ ከግራው መሳቢያ አራት ሰባት ቁጥር ታወጣና የእያንዳንዱን ጫፍ ክፍተት በስስ ብረት ለክታ፣ በወረቀት ጠቅልላ ትሰጠዋለች። የማንንም ካንዴላ እንደዚያ ቀስ ብላ አትለካም።

በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ጊዜ ሙነወር ቂል ነው ብዬ ደመደምኩ። ሰው ሁሉ ካንዴላ የሚገዛው በዓመት አንዴ ነው፤ እሱ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል፣ ምን እንደሆነ እንኳ አይጠይቅም። ይህንኑ ለፈንታሁን ነገርኩት። ፈንታሁን ከሱቁ ፊት ለፊት ዋርካው ስር መኪና የሚጠግን፣ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ነው።

«ጋሼ ፈንታሁን፣ ሙነወር ቂል ነው አይደል?»

«በግሸኗ እመቤት! አንቺ ልጅ ምላስሽን ሰብስቢ» አለና ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀ። በግሪስ እጁ ሲጠርገው ፊቱ ዥንጉርጉር ሆነ። «የሱ ሕመም እኔ ጋራዥ አይታከምም።»

ፈንታሁን እንኳ ተስፋ ከቆረጠበት ነገሩ ከባድ ነው አልኩ።

አንድ ቀን ሟቹ ይማም የትኛው መኪና የትኛውን ካንዴላ እንደሚወስድ የጻፈበትን ደብተር ሳገላብጥ «የሙነወር ሰማያዊ ፒካፕ፣ አምስት ቁጥር፣ አጭር እግር» የሚል አገኘሁ። አክስቴ የምትሰጠው ሰባት ነው። ቂሉ ሙነወር ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ የአክስቴ ዓይን ደክሟል። እንዳትደነግጥ በዘዴ ልፈትናት ብዬ «ለዚች መርፌ ክር አስገቢልኝ» አልኳት። ክሩን ምራቅ ሳታስነካ በአንዴ አስገባችው። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ግን አንዴ የወሰንኩትን ነገር እውነት ስለተቃወመው የምተው ልጅ አልነበርኩም። አሁንም ብዙ አልተሻሻልኩም።

አክስቴን በጣም ነበር የምወዳት። «ዘሀራ ዓይኗ ጠፍቶ የማይሆን ዕቃ ትሸጣለች» እንዲባልባት አልፈለግሁም። ስለዚህ አንድ ሰኞ አክስቴ ጓዳ ገብታ ዙሁር እየሰገደች የፒካፗ ሳል ሲመጣ ዕድሌን ተጠቀምኩ። ሙነወር የጠቆሩትን ዘረገፈ። እኔ ከቀኙ መሳቢያ አራት አምስት ቁጥር አወጣሁ፣ ምላሴን ጎልጉዬ ክፍተታቸውን ለካሁ፣ በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠሁት።

ወረቀቱን ገለጥ አድርጎ ቁጥሩን አየ። አንዱን አንሥቶ ገለባበጠው።

«ይሄን ስጪው ያለችሽ ማናት?»

የአክስቴን ክብር መጠበቅ ነበረብኝ። «እሷ ናታ! ትክክለኛውን ስጪው አለችኝ።»

«እሷ ራሷ?»

«አዎ። ከእንግዲህ አይጠቁርም፤ ቶሎ ቶሎ መምጣት አያስፈልግዎትም።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «እሺ» አለ። «ሰላም በይልኝ።» በሩ ላይ ደርሶ ወደ ጓዳው መጋረጃ አየ፣ ከዚያ ወጣ። ያን ያህል ጊዜ በማይሆን ካንዴላ ሲነዳ መክረሙ አሳፍሮት ነው ብዬ አዘንኩለት። አሮጌዎቹን ከሱቁ ጀርባ ጣልኩና አክስቴ ሰግዳ ስትወጣ የመጣ ሰው የለም አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ሰማያዊዋ ፒካፕ ሳትስል ማለፍ ጀመረች። ድምጿ ስለጠፋ አክስቴ መምጣቷን አታውቅም፤ ቀና ስትል የምታየው የኋላዋን ነው። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሆነ። አክስቴ በር ላይ መቆም አበዛች። እኔ በውስጤ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በእኔ ሥራ አንድ መኪና ድኗል።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ዝናብ በሚያካፋበት ከሰዓት፣ አባቴ ሱቅ መጣ። ጎማ ላይ ተቀምጦ ብዙ ካቅማማ በኋላ «ኡበይድ ሽማግሌ ልኳል» አለ።

ኡበይድ የሟቹ የይማም ወንድም ነው፤ አምባሰል ውስጥ ያርሳል፣ ቀፎም አለው።

«ሚስት አለው እኮ፣ አያ» አለች አክስቴ።

«ዑምኩልሱም ፈቅዳለች።»

«ፈቅዳለች ወይስ ዝም ብላለች?»

አባቴ የተቀመጠበትን ጎማ እየዳሰሰ ቀጠለ። «የሟች ወንድም ነው፤ ወጉም ይኸው ነው። አንቺም ባዳ እጅ አትወድቂ፣ ሱቁም ከቤት አይወጣ። የመጪው ሳምንት ሐሙስ ይቀመጣሉ። ሌላ የጠየቀሽ ሰው ካለ ግን ንገሪኝ፤ ወላሂ እሰማሻለሁ።»

አክስቴ አስፋልቱን አየች። «የለም» አለች።

እኔ ኡበይድን የማውቀው የማር እንጀራ ይዞ ሲመጣ ነው። ከአክስቴ ጋር ሊኖር ነው ማለት ማር በየቀኑ ሊበላ ነው ማለት ነበር፤ ተደስቼ አባቴን ሳምኩት። ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

ሽማግሌዎቹ ሊቀመጡ አንድ ቀን ሲቀረው አንድ ሾፌር አምስት ቁጥር ሊገዛ መጣ። አክስቴ የቀኙን መሳቢያ ስትከፍት ባዶ ነው። ሾፌሩን ሸኝታ ወደ እኔ ዞረች።

«ኢንሳፍ፣ አራት ነበሩ። የት ሄዱ?»

ይህን ቀን ስጠብቅ ነበር። «ለሙነወር ሸጥኩለት። ደብተሩ ላይ የእሱ አምስት ነው ይላል። አንቺ ሰባት ስትሰጪው ነበር፤ ግን አይዞሽ፣ ለማንም አልተናገርኩም። ዓይንሽ ቢደክም ነው።»

«መቼ ነው የሸጥሽለት?»

«የዛሬ ሁለት ሳምንት ሰኞ።»

አክስቴ ጎማው ላይ ቁጭ አለች። «ዓይኔ ምንም አልሆነም። አውቄ ነው። ሰባቱን አውቄ ነው የምሰጠው!» አለችና ሳቀች፤ አፏን በመዳፏ ይዛ ስትስቅ ዕንባዋ በጣቶቿ መሀል ወረደ። ቆይታ ለራሷ «ለካ የሚመጣው ለካንዴላው ኖሯል» አለች። «ደህናውን ሲያገኝ ቀረ።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት «አውቄ ነው» ያለችውን ብቻ ነው። በዚያው ሰሞን ቁርአን ቤት ኡስታዛችን በሚዛን ስለሚያታልሉ ነጋዴዎችና ስለሚጠብቃቸው እሳት አስተምረውን ነበር። አክስቴ እሳት ውስጥ ልትገባ ነው። ሙነወር ሲጠይቀኝ የመለስኩለትን ውሸት ልነግራት አስቤ ነበር፤ ከእሳቱ ድንጋጤ የተነሣ ረሳሁት። ያን ቀን እራት አልበላ አለኝ።

ትልቅ ሴት ከሆንኩ በኋላ ጠየቅኋት። «ዓሳ እንደጫነ ዳገት ላይ ቢቆምበትስ ኖሮ?»

«ገና ሳልጀምር ፈንታሁንን ጠይቄዋለሁ» አለችኝ። «ሞተሩን አይጎዳውም፣ ያስለዋል እንጂ አለኝ።» ዛሬም ስትናገረው ትቀላለች። በሕይወቷ ያታለለችው እሱን ብቻ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ሸህ ሙሄ መሀል ላይ፣ ኡበይድ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ በቀኝ፣ አባቴ በግራ። ፈንታሁንም ነበር፤ በሐዘናችንም በደስታችንም የማይቀር ጎረቤት ነው። አክስቴ ከእናቴ ጋር ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ናት። እናቴ ብቅ ብላ «ዘሀራ ‹ወንድሜ ያለው ይሁን› ብላለች» አለች። ሸህ ሙሄ ራሳቸውን ነቀነቁ።

በእኛ አገር ዱአ ከመደረጉ በፊት አንዱ ከሌላው የያዘው ሐቅ ይጠየቃል። ሐቅ የታመቀበት ቤት ዱአው አይወጣም ይባላል። ሸህ ሙሄም እንደ ወጉ «ከዚህ ቤት የሰው ሐቅ ያለበት፣ ወይ የተያዘበት ካለ ይናገር» አሉ። ማንም አልተናገረም፤ እንደ ወጉ ማንም አይናገርም። ደገሙት። እኔ በሩ ጥግ ተቀምጬ እሰማለሁ። ሦስተኛውን ሲሉ፣ ዱአው ከተዘጋ አክስቴን የሚያድናት የለም ብዬ ተነሣሁ።

«አክስቴ አለባት!»

አባቴ «ቁጭ በይ!» አለ። ሸህ ሙሄ እጃቸውን አነሱ። «ልጅም ቢሆን ሐቅ ሐቅ ነው። ተናገሪ።»

«የሙነወር ሐቅ አለባት። አምስት ቁጥር ነው የሚሆነው፤ እያወቀች ሰባት ቁጥር ነበር የምትሸጥለት። ስንት ጊዜ! ባካችሁ አውፍ ብሎ ይቅር ይበላትና አትቃጠልብኝ» አልኩና ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

ከሽማግሌዎቹ ካንዴላ የሚያውቅ አልነበረም፤ ፈንታሁን በሁለት ቃል አስረዳቸው። ሸህ ሙሄ ወደ መጋረጃው ዞሩ። «ዘሀራ፣ ልጅቱ ያለችው እውነት ነው?»

ከመጋረጃው ጀርባ «እውነት ነው» የሚል ድምፅ መጣ።

«አውቀሽ?»

«አውቄ።»

«ለምን?»

መጋረጃው ብቻ ተነቃነቀ። የአባቴ ፊት ጠቆረ፤ እህቱ በሐቀኝነቷ የተመሰገነች ነበረች። ሸህ ሙሄ «እንግዲህ ባለ ሐቁ ሳይመጣ ዱአ የለም» አሉ። ፈንታሁን «እኔ ጋራዥ ነው ያለው፤ ልጥራው» ብሎ ለዕድሜው በማይሆን ፍጥነት ወጣ።

ሙነወር ዓሳ ዓሳ እየሸተተ ገባና በሩ ላይ ቆመ። ኡበይድን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ምን ሊባል እንደተቀመጡ ገባው።

«ሙነወር» አሉ ሸህ ሙሄ፣ «ዘሀራ የማይሆን ካንዴላ እያወቀች ሸጣልሃለች፤ በአፏም አምናለች። አውፍ ትላታለህ?»

«አውፍ የምለው ነገር የለኝም። አልተታለልኩም።»

«ታውቅ ነበር?»

«በሁለተኛው ጊዜ ፈንታሁን ነግሮኛል።»

ቤቱ ሁሉ ወደ ፈንታሁን ዞረ። ፈንታሁን ጣሪያውን ያያል። ሁለቱንም ሲሰማ ከርሞ የአንዱን ልብ ለሌላው ትንፍሽ አላለም፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ነው።

«እያወቅህ ታዲያ ለምን ትገዛ ነበር?»

ሙነወር ጫማውን አየ። «ቶሎ ስለሚጠቁሩ ነው» አለ።

እኔ መልሱ አልገባኝም፤ ቶሎ የሚጠቁር ካንዴላ ማን ይፈልጋል? መጀመሪያ የሳቀው ኡበይድ ነበር። ጉልበቱን እየመታ ሳቀ፤ ያ ሳቅ ትዝ ሲለኝ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ዘመድ ገፋፍቶት የመጣ ሰው ነበር።

«ሽማግሌዎች፣ እኔስ ልነሣ መሰለኝ» አለ። «ዑምኩልሱምን ስታለቅስ ነው ትቻት የመጣሁት። አላህ ሁላችንንም ገላገለን።»

አባቴ ግን አልሳቀም። «ቆይ» አለ ሙነወርን። «እንዲህ ከሆነ ሁለት ሳምንት የት ጠፋህ? እህቴ ‹የጠየቀኝ የለም› ብላኛለች።»

«ትክክለኛውን ሰጠችኝ» አለ ሙነወር ቀስ ብሎ። «በቃህ፣ አትምጣ ያለችኝ መሰለኝ። ሐቋ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

መጋረጃው ተገፈተረ። አክስቴ ሻሿ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ እናቴ ከኋላ ልብሷን እንደያዘቻት፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ወጣች።

«እኔ አይደለሁም የሰጠሁህ!»

ሁሉም ዓይን ቀስ በቀስ ወደ በሩ ጥግ መጣ። ሸህ ሙሄ ጢማቸውን እያሻሹ «ሐቅ ያለበት ሌላም ሰው ያለ ይመስለኛል» አሉ።

«ዋሽቻለሁ» አልኩ። «እሷ ናት ያለችኝ ብዬዋለሁ። ክብሯ እንዳይነካ ብዬ ነው። ሁለታችሁም አውፍ በሉኝ።»

«አውፍ ብያለሁ» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ፤ ሲሉት ግን ወደ እኔ አላዩም።

ሸህ ሙሄ እጃቸውን ዘረጉ፣ ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ፣ አባቴም ሙነወርን አጠገቡ አስቀምጦ ዘረጋ፣ ፈንታሁንም ዘረጋ። ሸሁ ለሁለቱ ስለ ትዳርና ስለ ልጅ በረከት ብዙ ለመኑ። እኔ ዱአው ሁሉ ለእኔ ወንጀል የተደረገ መስሎኝ ከቤቱ ሰው ሁሉ በላይ ጮክ ብዬ «አሚን!» አልኩ።